ወደ ለገዳዲ፤ የምንጠጣው ውኃ የሚመረመርበት ሥፍራ

ከቦሌ ተነሥቶ በመገናኛ፣ በኮተቤና በካራ በኩል የደሴን መንገድ የያዘ ሰው ለገጣፎን እንዳለፈ ለገዳዲ ይደርሳል። በ1930ዎቹ ዓ.ም. ከተሠራው ከገፈርሳ ቀጥሎ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተገደበው የለገዳዲ ውኃ ለአዲስ አበባ ትልቅ ሲሳይ ሆኗል።

በሐምሌ ወር ተማሪዎቼን ይዤ ስሄድ ውኃው ከየእርሻው በወረደ አፈር ደፍርሶ ነበር። አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ ሳይንስ ያልተማረ ሰው በውኃ መመርመሪያ ቤት ሊሠራ ይችላል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም የታሪክ አስተማሪ ነኝና ጥያቄው ለራሴም ሆነብኝ።

መልሱን ለማግኘት ሥራውን መመልከት ያሻል። የደፈረሰው ውኃ በስድስት ብርጭቆ ይቀዳና አሉሚኒየም ሰልፌት የሚባለው ጨው በልዩ ልዩ መጠን ይጨመርበታል። መጀመሪያ በፍጥነት፣ ኋላም በዝግታ ይማሰላል፤ ከዚያ እንዲረጋ ይተዋል። ጭቃው እንደ እርጎ እየተቋጠረ ይዘቅጣል። በጥቂት ጨው ደኅና አድርጎ የጠራው ብርጭቆ ለጠቅላላው ውኃ የሚበቃውን ልክ ይነግራል። የክሎሪኑም ምርመራ እንዲሁ ነው፤ በናሙናው ውስጥ እንክብል ሲሟሟ ውኃው ሮዝ ይሆናል፤ ቀለሙም ከመለኪያው ጋር ይተያያል። ከቤት ቧንቧ በተቀዳ ውኃ ውስጥ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ሊገኝ ይገባል። ኢ. ኮላይ የተባለው ረቂቅ ተሕዋስ ግን በ100 ሚሊሊትር ውስጥ አንድ እንኳ መገኘት የለበትም።

ምክንያቱን የሚያውቅ ኬሚስት ከበላይ መኖሩ የግድ ነው። ነገር ግን የናሙናውን ጠርሙስ አፉን ሳይነኩ መክፈት፣ ሰዓት መጠበቅ፣ የተመኙትን ሳይሆን ያዩትን መጻፍ ለማንም ትጉህ ሰው የሚቻል ነው። ስለዚህ ለልጅቱ «ይችላል፤ ያልገባውን ለመጠየቅ ካላፈረ» ብዬ መለስኩላት።

ታሪክም ይህን ይመሰክራል። በ1854 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ኮሌራ ሲገባ ሐኪሙ ጆን ስኖው መነሻው የአንድ ፓምፕ ውኃ ነው አለ። ሄንሪ ኋይትሄድ የሚባል የሰፈሩ ወጣት ቄስ ግን አላመነም። ሐኪም አልነበረም፤ ቤት ለቤት እየዞረ ጠየቀና መዘገበ። የገዛ መዝገቡም ሐኪሙ እውነተኛ መሆኑን አሳየው፤ በሽታው የተነሣበትንም ቤት አገኘ።

አንባቢ ሆይ፣ ከቧንቧው ወዲህ ያለው ጥበቃ የኛ ነው። ቦሌ ላይ በፈረቃ የመጣ ውኃ በጀሪካን ሲሰነብት ክሎሪኑ እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ ጀሪካኑ ይታጠብ፣ ይከደን፤ ቀድሞ የተቀዳውም ቀድሞ ይጠጣ።