የቦኖሻ የእሸት ዳቦ

ቦኖሻ በሐዲያ ዞን የሻሾጎ ወረዳ ከተማ ናት። ነሐሴ ሲገባ በብዙ ቤት የአምናው እህል ያልቃል። ያን ጊዜ የበቆሎ እሸት ይደርሳል።

እኔ ፊደል ላስተምር ሄጄ አንዲት እናት የእሸት ዳቦ አስተማሩኝ። እሸቱን በጥፍራቸው ወጋ አደረጉት። «ልጄ፣ ወተቱ ከበዛ ገና ነው። ጠንከር ሲል ለዳቦ ይሆናል» አሉኝ። ፈልፍለው በድንጋይ ወፍጮ ፈጩት። ጨው ጨመሩበት። በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ምጣድ ላይ ጋገሩት፤ አገላበጡት። ሽታው ጎረቤት ጠራ።

ልጆቹ «ሌላም እንቁረጥ» አሉ። እናትየው ከለከሉ። «ይህ ለዛሬ ይበቃል። ትልልቁ ለዘር፣ የቀረው ለበጋ ነው» አሉ።

እሸት ረሃብን ያስታግሳል። ሁሉም በእሸትነቱ ካለቀ ግን ጎተራው ባዶ ይቀራል። ስንት እንደቆረጣችሁ ቁጠሩ። በደብተራችሁም ጻፉት።