ሽፈራውና የአጎቴ ደም ብዛት

የሽፈራውን ቅጠል የማያውቅ ሰው ዛሬ በአገራችን ጥቂት ነው። በኮንሶ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ከኩርኩፋ ጋር ሲበላ የኖረው ይህ ቅጠል፣ አሁን ደርቆና ደቅቆ በየሱቁ ይሸጣል፤ ከሚነገሩለትም ፈውሶች አንዱ ደም ብዛትን ማውረድ ነው። አጎቴም ይህን ሰምተው ጠዋትና ማታ እያፈሉ መጠጣት ከጀመሩ አራት ወር ሆናቸው። 170 የነበረው ግፊታቸው 150 ሆኖ ስላገኙት፣ «እንግዲህ ክኒኑ ምን ያደርግልኛል?» ይሉ ጀመር።

የቁጥሩን መውረድ በዐይኔ አይቻለሁና አልክድም። ነገር ግን ያወረደው ማን ነው? በዚያው ወራት አጎቴ ጨው ቀንሰዋል፤ ክኒኑንም ገና አልተዉም ነበር፤ ግፊትም ቢሆን በዕረፍትና በድካም፣ ሐኪም ፊት ሲቀርቡም ጭምር ይለዋወጣል። ሦስት ሰዎች ተጋግዘው ያነቃነቁትን ድንጋይ ለአንዱ ብቻ ማመስገን ፍርድ አይሆንም።

ፈተና የሚያስፈልገው ይህን ለመለየት ነው፤ ይኸውም ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን ቅጠሉን፣ ለሌላው መልኩ የሚመስለውን ሰጥቶ፣ የትኛው ለማን እንደ ደረሰ ሰጪውም ተቀባዩም ሳያውቁ መለካት ነው። ሽፈራው በአገራችን በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ተሞክሮ ግፊት ሲቀንስ ታይቷል፤ የእንስሳቱ ልክ ግን የአጎቴ ልክ አይደለም።

ቅጠልና ሥርን የሚንቅ ቢኖር ደግሞ ወደ ህንድ ይመልከት። ራውዎልፊያ የሚባለው ተክል ሥር በዚያ አገር ለእባብ ንድፊያና ለአእምሮ ሕመም ሲሰጥ ከኖረ በኋላ፣ በ1949 እ.ኤ.አ. የቦምቤዩ ሐኪም ሩስተም ጃል ቫኪል በ50 የደም ብዛት ሕሙማን ላይ ያዩትን ውጤት በእንግሊዝ የልብ ሕክምና መጽሔት አወጡ። በ1952 እ.ኤ.አ. የስዊስ ኬሚስቶች ሬሰርፒን የተባለውን ንጥረ ነገር ከሥሩ ለዩ፤ ዓለምም ተቀበለው። ሆኖም ብዙ ሰው ከወሰደው በኋላ አንዳንዱን በከባድ ትካዜ ሲጥል ተገኘ።

ደም ብዛት ሳያሳምም ቆይቶ በአንድ ሌሊት አንደበትንና ግማሽ አካልን የሚያስር ደዌ ነውና፣ አጎቴን፣ «ቅጠሉን አልከለክልዎም፤ ክኒኑን ግን ሐኪሙ ሳያውቅ አይተዉ» አልኋቸው። «ይቆጣኛል» ብለው ጥቂት አንገራገሩ። ባለፈው ሰኞ ቅጠሉን በወረቀት ጠቅልለን አብረን ሄድን። ወጣቱ ሐኪም አልተቆጣም፤ አሸተተውና በቀን ስንት ማንኪያ እንደሚጠጡ ጠየቃቸው።

አጎቴ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩትና፣ «እፍኝ ጣል ነው እንጂ፣ ልጄ፣ በማንኪያስ ለክቼ አላውቅም» አሉት።