ቤቱን ያጣ ጨዋታ

ገበጣ ሠሌዳው ቢሰበር አይጠፋም። ሁለት ሰዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው መሬቱን ቆፈር ቆፈር ካደረጉና ጠጠር ከለቀሙ ጨዋታው በነበረበት ሥርዓት እንደገና ይቀጥላል። ደንቡ በተጫዋቾቹ ልቡና ያደረ በመሆኑ ባለቤት ነኝ ብሎ የሚከለክለው፣ በሩን ዘግቶበት የሚሄድ ሰው የለም። የኮምፒዩተር ጨዋታ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሥዕሉ፣ ድምፁ፣ እንቅስቃሴውና ደንቡ በአንድነት በፋይል ተጽፈው ይቀመጣሉ። ያንን ፋይል የሚያነብ ሌላ ፕሮግራም ከሌለ ጨዋታው ቁልፉ እንደ ጠፋ ሣጥን ይሆናል፤ ለዐይን ይታያል፣ ለእጅ ግን አይከፈትም።

በአዲስ አበባ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ አንድ መምህር ይህን የተረዱት ከመጽሐፍ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000ዎቹ አጋማሽ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ገና ተማሪ ሳሉ፣ ከክፍል በኋላ ወደ አንድ ኢንተርኔት ቤት ጎራ ማለት ልማዳቸው ነበር። ክፍያው በደቂቃ ነው። መስመሩ ዘገምተኛ ስለ ነበር አንዲት ትንሽ ጨዋታ እስክትከፈት ድረስ ከተከፈለበት ጊዜ ግማሹ ያልቃል። ስለዚህ እርሳቸውና ጓደኞቻቸው አንድ ዘዴ ዘየዱ፤ ይኸውም ጨዋታዎቹን አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ዲስክ መቅዳትና ከእጅ ወደ እጅ መቀባበል ነበር።

በዚህ ሁኔታ 14 ጨዋታዎች ተጠራቀሙ። ከእነዚህ ውስጥ 9ኙ ያለ ኢንተርኔት ይሠሩ ነበር። 5ቱ ግን አሻፈረኝ አሉ። ከእምቢተኞቹ አንዷ መምህሩ አብልጠው የሚወዷት፣ አንድ አሮጌ ባቡር በገደል ላይ የሚነዳባት ጨዋታ ነበረች። በከፈቷት ቁጥር ባዶ ገጽና አንዲት አጭር ማሳሰቢያ ትታያለች፤ ማሳሰቢያዋም ጨዋታው የሚሠራው በተዘጋጀበት ድረ ገጽ ላይ ብቻ መሆኑን ትናገራለች። ነገሩ ብልሽት አልነበረም። ደራሲው ሥራው ሲከፈት በየትኛው ድረ ገጽ ላይ እንዳለ እንዲጠይቅ አድርጎ ጽፎታል። ሌሎች ድካሙን ወስደው በራሳቸው ገጽ ላይ የማስታወቂያ ገንዘብ እንዳይለቅሙበት የሠራው መቆለፊያ ነው። መምህሩ ይህን ያወቁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ፍላሽ ዲስኩን ግን አልጣሉትም።

እነዚህ ጨዋታዎች ሁሉ የተሠሩት ፍላሽ በሚባለው መሣሪያ ነበር። ይህ መሣሪያ በ1996 በሌላ ስም ከወጣ በኋላ ማክሮሚዲያ የተባለው ኩባንያ ገዝቶ ፍላሽ አለው፤ በ2005 አዶቢ ማክሮሚዲያን ሲገዛ ወደ አዶቢ እጅ ተላለፈ። ለጥበብ ሰዎች ያስገኘው ጥቅም ከፍተኛ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ሥዕሉን ይሥላል፣ ያንቀሳቅሰዋል፣ ድምፅ ይጨምርበታል፣ ደንቡንም ይጽፍለታል። ውጤቱ በዘገምተኛ መስመር እንኳ ሊላክ የሚችል ትንሽ ፋይል ነው። ስቱዲዮም አሳታሚም የሌላቸው ወጣቶች ሥራቸውን በቀጥታ ለዓለም አቀረቡ። ኒውግራውንድስን የመሳሰሉ ድረ ገጾችም የእነዚህ ሥራዎች አደባባይ ሆኑ።

ይሁን እንጂ መሣሪያው የኮምፒዩተር ሰርጎ ገቦች በቀላሉ የሚያጠቁት ነበር። የአፕል ኩባንያ መሪ ስቲቭ ጆብስ በሚያዝያ 2010 ባወጣው ግልጽ ደብዳቤ ፍላሽ በኩባንያው ስልኮች ላይ የማይፈቀድበትን ምክንያት ዘረዘረ። በሐምሌ 2017 አዶቢ ራሱ ድጋፉን እንደሚያቋርጥ አስታወቀ። በዲሴምበር 31 ቀን 2020 ድጋፉ ቆመ፤ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ጀምሮ ደግሞ ማጫወቻው ማንኛውንም የፍላሽ ሥራ አላሳይም አለ። ለደኅንነት ሲባል የተወሰደው እርምጃ አግባብ ነበር። ነገር ግን በሩ ሲዘጋ በውስጡ የነበሩት የብዙ ሺህ ሰዎች ሥራዎች ምን ይሁኑ? የሚለውን ጥያቄ የመለሰ አልነበረም።

ባለቤት አስቀድሞ ያሰበበት ሥራ ግን ተርፏል። መምህሩ ዛሬ ተማሪዎቻቸውን የሚያስተምሩበት ስክራች የተባለው የልጆች ፕሮግራም መሥሪያ፣ በ2013 የወጣው ሁለተኛ እትሙ በፍላሽ የተሠራ ነበር። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ባለሙያዎች በጃንዋሪ 2019 በአዲስ መሠረት ላይ የቆመውን ሦስተኛ እትም በማውጣታቸው የልጆቹ ሥራዎች ወደ አዲሱ ቤት ተሻገሩ። በአንጻሩ በ2010 ከ80 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወር ይጫወቱት የነበረው ፋርምቪል፣ ፍላሽ በቆመበት በዚያው ዕለት ተዘጋ። ጨዋታው የተመሠረተው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለ ነበር ተጫዋቾች ለዓመታት የተከሉትና ያጨዱት ሁሉ አብሮ ቀረ። ይህን ዓይነቱን ጨዋታ በፍላሽ ዲስክ መቅዳትም አያድነውም።

ባለቤት ያላሰበባቸውን ብዙዎቹን ሥራዎች ለማዳን የተነሡት ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች ናቸው። አዶቢ ውሳኔውን ካስታወቀ ከጥቂት ወራት በኋላ ብሉማክሲማ በሚል ስም የሚታወቅ አንድ ሰው ፍላሽፖይንት የተባለውን ስብስብ ጀመረ። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ በጎ ፈቃደኞች ተባብረው ከ100,000 በላይ ጨዋታዎችን ሰበሰቡ። ስብስቡን የሚያንቀሳቅሰው አንድ ማስጀመሪያ ፕሮግራም ነው። ከአዶቢ ዘንድ የወጣ አይደለም፤ አማተሮች የጻፉት ነው። ተጫዋቹ ከዝርዝሩ አንዱን ሲመርጥ ፕሮግራሙ ለዚያ ሥራ የሚስማማውን አሮጌ ማጫወቻ ያስነሣል፤ ከበስተጀርባም በዚያው ኮምፒዩተር ላይ እንደ ሰርቨር ሆኖ ይቆማል። ጨዋታው እንደ ልማዱ «የት ነው ያለሁት?» ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው ወደ ውጭ አይወጣም፤ ማስጀመሪያው «በቤትህ ነህ» ብሎ ይመልስለታል። ድረ ገጹ ከጠፋ ዓመታት ቢያልፉም ጨዋታው አምኖ ይከፈታል።

መምህሩ ባቡሯን ያገኟት በዚህ ዓይነት ነበር። በማግሥቱ በኮምፒዩተር ክበብ ስብሰባ ላይ ለተማሪዎቻቸው አሳዩአቸው። ልጆቹ እየተጋፉ ባቡሩን ከገደል ወደ ገደል ነዱ፤ ሣቁ፣ ተከራከሩ። የጨዋታውን ታሪክ ሰምተው ሲጨርሱ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ይህን እንዲያደርጉ የፈቀደላቸው ማን ነው?»

«አብዛኛውን ማንም አልፈቀደላቸውም» አሉ መምህሩ።

«እንግዲያው ደራሲው የቆለፈውን ሰብረው ገቡ ማለት አይደለም?»

መምህሩ ወዲያው አልመለሱም። የተማሪነታቸው ፍላሽ ዲስክ ትዝ አላቸው፤ እርሳቸውም ማንንም አስፈቅደው አልቀዱም ነበር።

የልጅቷ ጥያቄ በታላላቅ መድረኮችም መልስ ያላገኘ ነው። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡ ጨዋታዎች ዛሬ በሕጋዊ ገበያ የሚገኙት 13 በመቶው ብቻ ናቸው። ሆኖም በኦክቶበር 2024 የአገሪቱ የቅጂ መብት ባለሥልጣናት፣ ቤተ መጻሕፍት ከገበያ የወጡ ጨዋታዎችን ለተመራማሪዎች በርቀት እንዲያሳዩ የቀረበውን ጥያቄ ሳይቀበሉት ቀሩ። አምራቾቹ ያሰሙት ሥጋት፣ በጥናት ስም የሚከፈተው በር ለመዝናኛ ይውላል፤ አሮጌ ጨዋታዎችን አድሰን የምንሸጥበትን ገበያም ይጎዳል የሚል ነው። ሥጋቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ሸቀጡን ከገበያ ያነሣ፣ ለቤተ መጻሕፍትም ያላስረከበ ባለቤት፣ ሥራውን ሌላ ሰው እንዳያቆየው ሲከለክል ለመጪው ትውልድ ምን ይተርፋል?

መምህሩ በመጨረሻ ለልጅቷ የሰጡት መልስ እንዲህ የሚል ነበር። መቆለፊያው የተሠራው በሥራው በሚነግዱ ሰዎች ላይ እንጂ ሥራውን ከመረሳት በሚያድኑት ላይ አልነበረም። ቢሆንም ይህን የሚያውቀው ደራሲው ብቻ ነው፤ ሌሎች ስለ እርሱ ሆነው ሊምሉለት አይችሉም። ስለዚህ ጠባቂ ነኝ የሚል ሰው አይሸጥበት፤ የደራሲውን ስም፣ ዘመኑንና የመጣበትን ቦታ መዝግቦ ያኑር፤ ባለቤቱ መጥቶ አውጡልኝ ቢል ይስማ። ይህን ካላደረገ ከዘራፊ የሚለየው ነገር ጥቂት ነው።

ልጅቷ መልሱ ሙሉ በሙሉ ያረካት አልመሰለችም። ስብሰባው ተበትኖ ሌሎቹ ሲወጡ ኮምፒዩተሩ አጠገብ ቀረችና ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ድረስ ተጫወተችው። ባቡሩ ከመጨረሻው ድልድይ ሲሻገር ገጹ ጠቆረ፤ በጥቁሩ ላይ የአንድ ሰው ስምና የአንድ ድረ ገጽ አድራሻ ወጣ። ልጅቷ ሁለቱንም በደብተሯ ጻፈቻቸው፤ ደራሲውን ራሱን መጠየቅ እንደምትፈልግም ተናገረች። መምህሩ አድራሻውን በኢንተርኔት ላይ ሞከሩት፤ አልተገኘም።

«ስሙ ግን አለ» አለች ልጅቷ፤ ደብተሯንም ዘግታ በቦርሳዋ ከተተችው።