የፈረስ ስሜ ዲኤክስ ነበር

የሸዋ መኳንንት ድሮ ሁለት ስም ነበራቸው፤ አንዱን አባት ያወጣል፣ ሌላውን ፈረስ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አባ ዲና ይባሉ ነበር። ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቀው አንጎለላ የተወለዱት የልጅ ልጃቸው ምኒልክ ደግሞ አባ ዳኘው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ አውቶሞቢል ይዞላቸው ሲመጣ አባ ዳኘው ወጥተው ተንሸራሸሩበት፤ ስማቸውን ግን በመኪና አልለወጡም።

እኔ በዕድሜዬ ፈረስ ኖሮኝ አያውቅም። የፈረስ ስም ግን ነበረኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ጠባሴም ይሁን ሥላሴ አካባቢ «ዲኤክሱ» ከተባለ የሚዞረው እኔ ነበርኩ። ዛሬ ያ ስም ቀርቷል። ትምህርት ቤት በር ላይ ያሉት ዘበኛ ሳይቀሩ በትልቁ ልጄ ስም «የእገሌ አባት» ብለው ነው የሚጠሩኝ። ቅሬታ አይደለም፤ ዝም ብዬ ማውራቴ ነው።

ለማያውቃት ላስተዋውቅ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የማያውቃት ካለ። ዲኤክስ ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ ያወጡት፣ ኬኢ 70 የሚባለው ዓይነት። ከላይ እስከ ታች ማዕዘን ብቻ ናት፤ ክብ ነገር ቢኖራት ጎማዋና መሪዋ ነው። ኋላዋ ላይ በተለጠፉት ሁለት የላቲን ፊደላት ስሟ ጸንቶ ቀረ። የሠሯት ሰዎች ሐሳባቸው የቤተሰብ መኪና ነበር፤ አንድ የቢሮ ሠራተኛ ሚስቱንና ልጆቹን አሳፍሮ ዘመድ እንዲጠይቅባት። እኛ ዘንድ ግን የስፖርት መኪና ማለት በፊልም የሚታይ ነገር ስለነበር ወጣቱ ያለችውን ዲኤክስን ያዘና ስፖርት አደረጋት። ቀላል ናት፣ መለዋወጫዋ ይገኛል፣ ጉልበቷም ወደ ኋላ ጎማ ነው የሚሄደው። ይህ የመጨረሻው ነገር ለምን ልብ እንደሚያሞቅ ኩርባ ላይ ኋላዋ ሸርተት ሲልበት ያልቀመሰ አይገባውም።

የኔን የገዛኋት በ2004 ዓ.ም. ነው፤ የእቁብ ዕጣዬ ሲወጣ፣ ላጤ ሳለሁ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነድቼ አመጣኋት። ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱን እስካልፍ እየፈራሁ ነበር። ሸኖ ላይ ቆሜ ለእናቴ ለጋ ቅቤ ገዛሁ። ከዚያ በኋላ ሜዳው ተዘረጋልኝ፤ ጫጫ እስክደርስ ድረስ መስኮቱን ከፍቼ፣ ብርዱ ጆሮዬን እየቆረጠው፣ ብቻዬን ስስቅ ነበር። እናቴ መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩና ቅቤውን ከኋላ ወንበር አንስተው «እሰይ ልጄ፣ አሁን ሚስት ነው የቀረህ» አሉ። የሁለቱ ነገር መያያዝ ያኔ አልታየኝም።

ቀስ በቀስ አስጌጥኳት። ከሶማሌ ተራ የስፖርት ቸርኬና ትንሽዬ መሪ መጣላት። ሞላዋ ተቆርጦ ጎንበስ አለች። ማርሚታዋ ተለውጦ ድምጿ የጎረምሳ ድምፅ ሆነ። ይህን ሁሉ የሚሠሩልኝ ጋራዥ ያላቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ እንግሊዝኛም ጣሊያንኛም አያውቁም፣ ግን ቀኑን ሙሉ ጣሊያንኛ ሲናገሩ ይውሉ ነበር፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞቶሪኖ፣ ፍሬቻ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ። ጣሊያን ከሀገር የወጣው በ1933 ነው፤ ከጋራዥ ግን እስካሁን አልወጣም። ሽማግሌው ሞላውን ሲቆርጡ «አንተ ልጅ፣ ይህችን መኪና አሁን ታጎነብሳታለህ፣ ኋላ ደግሞ ቀና አድርጉልኝ ብለህ ትመጣለህ» አሉኝ። ሳቅሁ።

የደብረ ብርሃንን ጠዋት ለሚያውቅ ሰው ስለ ብርዱ መንገር አያስፈልግም። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። ካርቡራቶር ያላት መኪና ደግሞ እንደ ሰው ብርድ ይገባታል። ማታ ማታ ኮፈኗን በብርድ ልብስ እሸፍናት ነበር፤ እዚሁ ከተማችን ፋብሪካ የተሠራ፣ ግራጫ፣ ዳር ዳሩ ቀይ መስመር ያለው። የኔ አልጋ ላይ የነበረው ከዚያ የሳሳ ነው። ጠዋት ቾክ ስቤ፣ ቤንዚን ረገጥ ለቀቅ አድርጌ፣ እምቢ ስትል ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ጠርቼ አስገፋለሁ። ያስገፋኋቸው ልጆች ዛሬ አንዳንዶቹ ዶክተር፣ አንዳንዶቹ ባጃጅ ነጂ ሆነዋል። ሲያገኙኝ የሚያነሡት ያንኑ መግፋት ነው።

የእሁዱ መንገድ ግን ጣርማ በር ነበር። ከከተማ ወደ ሰሜን ሲወጡ መሬቱ እየቀዘቀዘና እየተራቆተ ይሄድና ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው በር ላይ ይደረሳል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ ያወጣው ዋሻ እዚያ ነው። ዋሻው ውስጥ ሲገባ መስኮት ከፍቶ ማርሹን ዝቅ ማድረግ የዲኤክስ ነጂ ሁሉ ሃይማኖት ነበር፤ ድምጿ ከግድግዳው ተጋጭቶ ሲመለስ አንዲቷ መኪና አሥር ትሆናለች። ሲወጡ ከእግር በታች ገደሉ ክፍት ነው፤ ጉም ከወጣ ምንም የለም፣ ጉም ከሌለ እስከ አፋር ቆላ ድረስ ሁሉም የሚታይ ይመስላል። ጭላዳዎቹ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ሣራቸውን ይነጫሉ፤ እንደኔ ያለውን ብዙ አይተዋል፣ ቀናም አይሉ። ከዚያ እየተጠማዘዙ ደብረ ሲና፣ ከደብረ ሲና ቆሎ ገዝቶ መመለስ።

ጃፓን ውስጥ ኢኒሻል ዲ የሚባል የሥዕል ታሪክ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረ። የአባቱን ቶፉ በሌሊት ተራራ ለተራራ የሚያመላልስ ልጅ ነው ባለታሪኩ፤ የሚነዳት የዲኤክስ ታናሽ እኅት የሆነችውን ኤኢ 86ን ነው። በዚያ ታሪክ ምክንያት ያቺ መኪና በዓለም ዙሪያ የሰብሳቢዎች ዕቃ ሆናለች። ብዙ ቆይቼ ይህን ስሰማ አልደነቀኝም። የደብረ ሲናን ቆሎ ሳይበርድ ደብረ ብርሃን ያደረሰ ሰው ስለ ቶፉ የሚያስገርመው ነገር የለም።

ባለቤቴን ያመላለስኩት በዚያ መንገድ ነው። የፊት መስኮቷ አንድ ጣት ያህል አልዘጋ ስለሚል ጋቢ ተከናንባ ትቀመጣለች። ቴፑ ውስጥ አንድ የትዝታ ካሴት ተቀርቅሮ አልወጣ ብሎ ነበር፤ ሦስት ዓመት ያንኑ ሰማን። ደግሞ በዚያ ማርሚታ ተደብቆ መዋደድ የማይሞከር ነው። አማቴ ገና አማቴ ሳይሆኑ፣ ሁለት መንገድ ቀርቶኝ ሳለሁ፣ «ያ ጩኸት መጣልሽ» ይሏት እንደነበር ከሠርጉ በኋላ ነው የሰማሁት። «እርስዎ ያኔ ለምን ዝም አሉ?» ብላቸው «የሚጮኽ ሌባ ቤት አይዘርፍም ብዬ ነዋ» አሉኝ።

መኪናዋን የሸጥኩት በ2014 ነው። መሸጥ የጀመርኩት ግን በ2010፣ ትልቁ ልጃችን በተወለደ በሳምንቱ ነው። ማታ ስገባ ማርሚታው ሕፃኑን ይቀሰቅሰዋል። ባለቤቴ ምንም አላለችኝም፤ ቤት ስገባ ግን ልጁን እሹሩሩ እያለች ታየኛለች፣ ያ አስተያየት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ሰፈራችን ስደርስ ከበራችን ሃምሳ ሜትር ቀድሜ ሞተሩን አጠፋና በቁልቁለቱ መብራት ብቻ አብርቼ ተንሸራትቼ እገባ ጀመር። ያን ሁሉ ጉልበት የሰጠኋትን መኪና እንደ ጋሪ! ወር ሳይሞላ የድሮውን ማርሚታ መልሼ አስገጠምኩ። ቀጥሎ ትንሿ መሪ ሄደች፤ እናቱ አቅፋው ፊት ስትቀመጥ ለማዞር ትከብደኝ ነበር። ሁለተኛዋ በተረገዘች ጊዜ ደግሞ ጉድጓድ በገባን ቁጥር ባለቤቴ ሆዷን ስትይዝ አየሁና ሞላውን ይዤ ሽማግሌው ዘንድ ሄድኩ። አልሳቁብኝም። «ቀና እናድርጋት» ብቻ አሉ። እንዲህ እንዲህ እያለች መኪናዋ ጃፓን ስትፈጠር ወደነበረችው ወደ ባለትዳሩ ሰው መኪና ተመለሰች።

የቀረውን ኅዳር 2014 ጨረሰው። የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና ሲገባ ከእኛ ከተማ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር የቀረው። የእሁድ መንገዴ ስሙ በየዜናው ይነሣ ጀመር። አንድ ጠዋት ቤተሰቤን ወደ አዲስ አበባ ላወጣ ተነሣሁ። ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆች፣ እናቴ፣ አማቴ፣ የአማቴ እኅት፣ ሁለት ፍራሽ። የዲኤክስ ኋላ ወንበር ሦስት ሰው ነው የሚይዘው፤ ሦስት አሮጊቶች ጋቢያቸውን ለብሰው ሲቀመጡ ሞላ። ትንሿ እናቷ እቅፍ ውስጥ፣ ትልቁ በመሪውና በማርሹ መካከል። ፍራሹ ጣራ ላይ ታሰረ። የአማቴ እኅት በሩ አልዘጋ ሲል አይተው ወረዱ። «እኔ ሰው አላጣም፣ በአውቶቡስ እመጣለሁ፤ ልጆቹን አውጡ» አሉ። ተለማመጥናቸው፣ እምቢ አሉ። ደህና ደርሰዋል፤ ታኅሣሥ ላይ ነገሩ ተረጋግቶ ስንመለስም አብረውን ነበሩ። ግን በመስታወት ውስጥ መንገዱ ዳር ቆመው ሲያነሡ ያየኋት ያቺ እጅ ከዓይኔ አልጠፋ አለች። በሰኔ መኪናዋን ለሽያጭ አወጣሁ።

ገዢው ጢሙ ገና እየወጣ ያለ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነበር። መጣ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ከሞተሩ ይልቅ ቸርኬውን አየ። «ጋሼ፣ ሞላዋን ልቆርጠው ብል ያስቸግራል?» አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሼ የተባልኩት ያኔ ነው። የሽማግሌውን ጋራዥ ጠቆምኩት። ዋጋው ከገዛሁበት ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር፤ የውጭ ሀገር ሰው ቢሰማ አያምንም። አዲስ መኪና በቀረጥ ሰማይ በሚነካበት፣ የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ደግሞ ከውጭ የሚገባውን አሮጌ መኪና በዕድሜው ልክ በሚቀጣበት በዚያን ጊዜ፣ ቀድማ የገባች ዲኤክስ ከበሬ ይልቅ መሬት ትመስል ነበር። ታረጃለች እንጂ አትረክስም።

በምትኩ የመጣችው አቫንዛ ናት። ኢንዶኔዥያ ተገጣጥማ የመጣች፣ ሰባት ሰው የምትይዝ፣ መልኳ የዳቦ ቅርጫት የሆነች። ነጭ። ድምጿ የስፌት መኪና። ልጆቹ በሩ ሲከፈት እየተንጫጩ ገብተው ሦስተኛውን ረድፍ ቤታቸው አደረጉት። እኔ ወር ሙሉ ወዳጆቼ ሳያዩኝ በጓሮ መንገድ ነበር የምሄደው። አንድ ቀን ዘይት ላስቀይር የሽማግሌው ጋራዥ ወሰድኳት። ከሥር ገብተው ቆዩና ሲወጡ «ታዲያ ምን ያስተክዝሃል? ይህችም እኮ በኋላዋ ነው የምትገፋው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የዲኤክስ ሞተር 1,290 ሲሲ፣ የኔዋ አቫንዛ 1,298፤ ሁለቱም ሞተራቸው ፊት፣ ጉልበታቸው ኋላ። ለስምንት ሲሲና ለሁለት ወንበር ነው ያን ሁሉ ያዘንኩት።

ያም ሆኖ አንድ አይደሉም፤ አልዋሽም። አቫንዛ በውርጭ ጠዋት ቁልፍ ሲዞር ወዲያው ትነሣለች፤ ማንንም ጠርቼ አላስገፋም፣ ማንም ልጅ አያውቀኝም። ብርድ ልብሱ ከኮፈን ወርዶ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነው፤ ልጆቹ ከአዲስ አበባ ስንመለስ ሸኖን ሳናልፍ ተጠቅልለውበት ይተኛሉ። የቀይ መስመሩ አንድ ጫፍ ላይ የዘይት ነጠብጣብ አለ፣ በስንት አጠባ ያልለቀቀ። መንገዱም እንደ ድሮው ሰው እሁድ እሁድ ለጨዋታ የሚወጣበት አይደለም። ዋሻው ውስጥ ማርሽ ዝቅ ካደረግሁ ቆየሁ።

ባለፈው ጥቅምት ስልኬ ጮኸ። ገዢው ልጅ ነው። ሰላምታው ረዘመ፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ነዳጅ ሰልፉ። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ጋሼ፣ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት» አለ። እንኳን ደስ አለህ አልኩት። «መኪናዋን ልሸጣት ነው። ለሌላ ከመስጠቴ በፊት ብዬ ነው።» ማርሚታው ተለውጦ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ከገዛ በሁለተኛው ቀን ለውጦታል። ሞላውንም ቆርጦታል። ካሴቱስ? አሁንም አልወጣም አለኝ።

ዋጋውን ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኳትም።