አንድ ጊዜ ጠርቶ የሚዘጋ

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት፣ ለቡ መብራት ኃይል በሚገኘው ቤታችን፣ የእኅቴ ልጅ ከውጭ አገር የተላከለትን አሮጌ የእጅ ጨዋታ ይዞ ሳሎን ተቀምጦ ነበር። መብራት ጠፍቷል። (በእንዲህ ያለው ምሽት የሰፈሩን ስም ትርጉም መጠየቅ ነውር ነው።) ከሻማው ሌላ የሚታየው ብርሃን የጨዋታው መስኮት ብቻ ነበር።

ጨዋታው የሪትም ጨዋታ ነው። ተኳሽና ተተኳሽ የለበትም፤ ሙዚቃውን እየሰሙ በምቱ ልክ መንካት ነው ሥራው። የጃፓኑ ኒንቴንዶ የዚህን ዘር የመጀመሪያውን፣ «ሪትም ቴንጎኩ»ን፣ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዋነኞቹ ጨዋታዎች ጎን ነጥብ የማይቆጠርባቸው ትናንሽ አሻንጉሊቶች አሉ። ልጁ ያገኘው አንዱ ስልክ ነው። ቁጥር ሲነኩት ድምፅ ይሰጣል፤ የተደበቀውን ኮድ ላገኘ ሰው ደግሞ ያልጠበቀው መልስ ይመጣለታል። ኮዱን ግን ጨዋታው አይናገርም።

«አጎቴ፣ ኮዱ ስንት ነው?» አለኝ።

አላውቀውም ነበር። ነገር ግን እኔም እንደ ዕድሜ እኩዮቼ ሁሉ በስልክ ኮድ ያደግሁ ሰው ነኝና ጥያቄው ሌላ ቦታ ወሰደኝ። ሒሳብ ለማየት ኮከብ 804 መሰላል፣ ካርድ ለመሙላት 805፣ ሳንቲም ላለቀበት ሰው ደግሞ «ደውሉልኝ» የምትለዋ 807። እነዚህ እንኳ የአደባባይ ናቸው። በማንኛውም ስልክ ላይ ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ሲጫኑ ዐሥራ አምስት አኃዝ ይወጣል፤ ቀፎው ስሙን የሚናገርበት ኮድ ነው። ብዙዎቻችን ይህን የተማርነው በ2010 ዓ.ም. ያልተመዘገበ ቀፎ ከኔትወርክ ይታገዳል በተባለ ጊዜ ነው።

እኔ የምለው ኮድ ግን በየትኛውም መመሪያ ላይ ያልተጻፈው ነው፤ ሚስድ ኮል። አንድ ጊዜ ጠርቶ መዝጋት «ደርሻለሁ» ነው። ሁለት ጊዜ «ደውልልኝ»። ሦስት ጊዜ ከሆነ ነገር አለ ማለት ነውና ሳንቲም ይገኝ አይገኝ ሳይባል ይደወላል። ከቤት ቤት ይለያያል፤ በእኛ ቤት ግን ሕጉ ይህ ነበር፤ ሕጉን ያወጣችውም እናቴ ናት። ፊደል የቆጠረችው በጎልማሶች ትምህርት ጥቂት ወራት ብቻ ቢሆንም፣ ከጥሪው ርዝመት ብቻ የደዋዩን ጠባይ ትለይ ነበር። «ይቺ ተናዳለች፣ ቶሎ ዘጋችው» ትላለች። ትክክል ሆና እናገኛታለን።

ይህን ልማድ የወለደው ድህነት ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ለማየት ወደ 1997 ዓ.ም. መመለስ ያሻል። በዚያ ዓመት ምርጫ አጭር የጽሑፍ መልእክት ትልቅ የቅስቀሳ መሣሪያ ሆኖ ነበር። ከምርጫው በኋላ በተከተለው ውዝግብ መካከል ኤስኤምኤስ ጠፋ፤ የተመለሰው በ2000 ዓ.ም. መባቻ፣ አገሩ ሚሊኒየም ሲያከብር ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ኢትዮጵያውያን እርስ በርስ በስልክ አንድ ቃል መጻጻፍ አልቻሉም። በዚያ ዘመን የጽሑፍን ቦታ የያዘው ምን እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ጢር ብሎ መዝጋት። መንግሥት ፊደልን ሊዘጋ ቻለ፤ ምትን ግን ለመዝጋት ስልኩን ራሱን መዝጋት ነበረበት።

እሱም ቀኑን ጠብቆ መጣ።

ለነገሩ ስልኩ ክፍት በነበረባቸው ዓመታትም በግልጽ አልተነጋገርንበትም። «ይህ በስልክ አይወራም» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ያልሰማ የአዲስ አበባ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 ስለ ኢትዮጵያ የቴሌኮም ስለላ ዘለግ ያለ ሪፖርት ባወጣ ጊዜ፣ የውጭ ሰዎች ሲደነቁ እኛ ግን «ይኼንንማ እናውቃለን» ብለን አለፍነው። ስለ ታሰረ ሰው «ታሞ ተኝቷል»፣ ስለ ተፈታው ደግሞ «ዳነ» እያልን ስናወራ የኖርን ነን። አንድ ጓደኛዬ በዚህ አነጋገር ተሳስቶ የእውነት ታሞ ለተኛ ዘመዱ ጠበቃ ሊያፈላልግ ተነሥቶ ነበር።

ወደ ቤቴ ልመለስ። ታናሽ እኅቴ ትዳሯም ሥራዋም መቀሌ ነበር። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ስልኩ አብሮ ተዘጋ። በታኅሣሥ ወር መቀሌ ላይ ሲከፈት ድምጿን ሰማን፤ እሷም፣ ባሏም፣ ልጃቸውም ደኅና ናቸው። ሰኔ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. የፌዴራሉ ጦር መቀሌን ለቆ ሲወጣ ግን መስመሩ ዳግመኛ ሞተ። ይህኛው ለዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆየ።

እናቴ በየምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ትደውል ነበር። በማሽን የተቀዳችው ሴት የተፈለገው ደንበኛ እንደማይገኝ በትሕትና ትነግራታለች። መጀመሪያ አካባቢ እናቴ ትሰማትና ትዘጋለች። እየቆየች መልስ ትሰጣት ጀመር። «እሺ ልጄ፣ ነገ እሞክራለሁ።» አንድ ቀን ተቆጣቻት። በማግሥቱ ደግሞ «ትናንት ተናገርኩሽ፣ አትቀየሚኝ፤ አንቺ ምን ታደርጊ» ስትላት ከበሩ ሥር ቆሜ ሰማሁ፤ ሳልገባ ተመለስኩ። በዚሁ ከተማ በቴሌቪዥን ሌላ ዓይነት ንግግር ይነገር ነበር፤ በዚያ ወራት ስለ እኅቴ ከጎረቤት ጋር ማውራት እንኳ ጥንቃቄ ይጠይቅ ነበር። እኔም በጽሑፎቼ ስለ ሌላው ሁሉ ስጽፍ ስለዚህ አልጻፍኩም። ይህን የምለው ራሴን ላመሰግን አይደለም።

የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። መቀሌ ስልክ መግባት የጀመረው በታኅሣሥ ነው። በዚያው ወር አንድ ምሽት የእናቴ ስልክ ጠረጴዛው ላይ አንድ ጊዜ ጠራና ዝም አለ።

የእኅቴ ቁጥር ነበር። ዘልዬ ላነሣ ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ። «ተወው። አንድ ጊዜ ነው። ደኅና ናት።» ከዚያም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔ ደግሜ ደጋግሜ ደወልኩ፤ መስመሩ ተጨናንቆ አልገባልኝም። ያን ሌሊት ቤታችን የደስታ ቤት ነበር። እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች።

ድምጿን ያገኘነው በሦስተኛው ቀን ነው። ባሏ ከሞተ ስምንት ወር ሆኖታል። የስኳር ሕመምተኛ ነበር፤ ኢንሱሊን አልቆ ነበር። እኛ ሳናውቅ ለስምንት ወር ያህል በጸሎት ስሙን ከሕያዋን ጋር ስናነሣ ቆይተናል።

ቆየት ብዬ ጠየቅኋት፤ ለምን አንድ ጊዜ ብቻ ጠርተሽ ዘጋሽ? «ምን ላድርግ?» አለችኝ። «ሦስት ጊዜ ብጠራ እማዬ እኔን ወይም ልጁን ትላለች። እኔ ነኝ ያለሁት። ደርሻለሁ ማለት ብቻ ነው የቻልኩት።» የእናቴ ሕግ ለመድረስ፣ ለመናፈቅና ለጭንቅ ምልክት ነበረው። ለሞት አልነበረውም። ሞት በስልክ አይረዳም፤ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ በር ተንኳኩቶ ነው። በዚያ ዓመት ከመንፈቅ ግን ከመቀሌ ወደ ለቡ የሚመጣ ሽማግሌም፣ አውቶቡስም አልነበረም።

እኅቴና ልጇ አሁን ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ከዚያ ወዲህም በዚህ አገር ኔትወርክ መዘጋት አላበቃም፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ተራው የአማራ ክልል ሆኖ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ የዘመድ ወሬ ፍለጋ ስልክ የሚነካኩ ጎረቤቶቼን አይቻለሁ። እናቴ ስለ አንድና ሁለት ጥሪ ሕጓን ስታስረዳቸውም ሰምቻለሁ።

ያን ምሽት ልጁ የአሻንጉሊቱን ኮድ ፍለጋውን ቀጠለ። 991 ሞከረ፤ ፖሊስ አልመጣም። 804 ሞከረ። የልደት ቀኑን ሞከረ። ከዚያ ጥቂት አሰበና ረጅም ቁጥር ቀስ እያለ መንካት ጀመረ፤ በዜሮ ዘጠኝ የሚጀምር። ሦስተኛና አራተኛው አኃዝ ላይ ስደርስ የማንን ቁጥር እንደሆነ ዐወቅሁ። ከስልኬ እስካሁን አላጠፋሁትም። እያንዳንዱ አኃዝ የየራሱን ድምፅ ይሰጣል፤ አሻንጉሊቱ እንዲህ ላለ ቁጥር የተሠራ አልመሰለኝምና ዝም ብዬ አየሁት።

እናቴ ከጓዳ ሆና «ማነው የሚደውለው?» አለች።