ዋስ የሌለው ቃል

በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ሻይ ቤት አንድ ብቻ ነበር። ማታ የምርጫ ክርክሩ ሲጀመር ወንበር ስለማይበቃ ሰው የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ይቀመጣል። ያኔ ገዢ የነበረው ኢሕአዴግና ተቃዋሚዎቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለ መሬት፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ፌዴራሊዝም በቀጥታ ሥርጭት ይሟገታሉ። ከተቃዋሚው ወገን ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ቁጥር ሲደረድሩ፣ የኢሕአዴጉ አቶ በረከት ስምዖን ሲመልሱ፣ ሌላው ተቃዋሚ አቶ ልደቱ አያሌው ነገሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ሲቋጩት ሻይ ቤቱ እንደ ኳስ ሜዳ ይጮኻል። አንድ ምሽት ባለቤቷ እማማ ማንቆርቆሪያቸውን እንደያዙ ቆመው አዩና፣ «እንዴ! እነዚህ ሰዎች እኮ አንቱ ይባባላሉ» አሉ። የፖሊሲው ነገር አልጣማቸውም ነበር። አንቱታው ግን ጣማቸው።

*

በዚያው በአንቱታው ሰሞን ሌላም ቃል ተሰማ። «ኢንተርሃምዌ»። በ1986 ሩዋንዳ ውስጥ ጎረቤቱን በገጀራ የጨረሰው ሚሊሺያ ስም ነው። የአውሮፓ ኅብረት የምርጫ ታዛቢ ቡድን በመጨረሻ ሪፖርቱ እንዳሰፈረው፣ ቃሉ ከገዢው ፓርቲ ቁንጮዎች አፍ ወጥቶ ተቃዋሚው ላይ ተለጠፈ፤ የተቃዋሚዎች ጥምረት የነበረው ቅንጅትም በመጨረሻው የቴሌቪዥን ቅስቀሳው ያንኑ ንጽጽር አንሥቶ ወደ መንግሥት መለሰው።

ቋንቋችንን የታዘብኩት ያኔ ነው። በአማርኛ ሰውን በአንቱታ ነፍሰ ገዳይ ማለት ይቻላል። «እርስዎ እኮ ሕዝብ ሊያስፈጁ ነው» ሲባል ግሱ ተከብሮ ሰውየው ተዋርዶ ይወጣል። ስለዚህ የፖለቲካ ጨዋነትን በስድብ ቁጥር የሚለኩ ሰዎች ሚዛናቸው ልክ አይመስለኝም። እኔ የምጠይቀው፣ ይህን ያለው ሰው ነገ ለቃሉ የሚጠየቅበት ቦታ አለ ወይ? ያን ቃል ከወዲህም ከወዲያም ከወረወሩት ውስጥ «አፌ ነው፣ አጥፍቻለሁ» ያለ እኔ አልሰማሁም። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተነሣው ሁከት 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን መዘገበ። ቃሉ ነው የገደላቸው አልልም። ነገር ግን ሰውን አንዴ ኢንተርሃምዌ ካሉት በኋላ ለሞቱ ማዘን ይከብዳል።

*

ለቃል የሚጠየቅበት ቦታ ድሮ ነበረን። «በላ ልበልሃ» የሚባለው ባህላዊ ሙግት ሲነሣ ቅኔና ፉከራ ብቻ ይመስለናል። የድሮው ሙግት ዋና ነገር ግን መያዣው ነበር። ዳኛ ፊት ቆሞ «ይህ ሰው እንዲህ አድርጎኛል» የሚል ዋስ ጥራ ይባላል፤ ዋስ የሚሆነው ሰው ካጣ ነገሩ ወደፊት አይሄድም። ከዚያ ውርርዱ ይመጣል፤ ማር ይወራረዳል፣ በቅሎ ይወራረዳል፣ ፈረስ ይወራረዳል። በተናገረው የተረታ ይከፍላል። ባላጋራዎቹ ዳኛ ዘንድ እስኪደርሱም ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው አንድ መንገድ ይሄዳሉ። አስበው፤ ሌባ ነው ያልኸው ሰው ከጎንህ ይራመዳል፣ ዳገቱ ላይ ሲደክመው አንተም ትቆማለህ፣ ውሃ ሲጠጣ ትጠብቀዋለህ። ከጀርባው ልታማው አትችልም፤ ጀርባው ነጠላህ ላይ ታስሯል።

ያ ዘመን ደግ ነበር ማለቴ አይደለም። አንደበቱ ያልተባ ባላገር ርስቱን በቃል ጨዋታ ሲነጠቅ ኖሯል። ድሃው ዋስ ፍለጋ የሰው ደጅ ሲጠና ጫማ የሌለው እግሩ ይቆስል ነበር። ቢሆንም ቃል ዋጋ ነበረው፤ ዋጋውም በማር ማሰሮ ይቆጠር ነበር።

*

ባለፈው ምርጫ ሰሞን አንድ ጎረምሳ የሌላውን ፓርቲ ፖስተር ከግድግዳ ሲቀድ መንገደኛ ሽማግሌ አዩትና «ኧረ በሕግ አምላክ!» አሉት። ልጁ ዞር ብሎ፣ «የየትኛው ፓርቲ ነዎት?» አላቸው።

አንቱ ብሏቸዋል፤ ያንን መዝግቤለታለሁ።

*

«ዘንድሮ ፖለቲካችን ባለገ» የሚሉ እኩዮቼን ስሰማ፣ እነዚህ ሰዎች 1968ን እና 1969ን የት ሆነው አሳለፉት እላለሁ። የያኔዎቹ የግራ ፓርቲዎች፣ ኢሕአፓ በልሳኑ «ዴሞክራሲያ»፣ መኢሶን በልሳኑ «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» ሲጻጻፉ የነበሩት በአንድ የተማሪ ንቅናቄ ውስጥ ያደጉ፣ ከአንድ ወጥ ቤት የበሉ ልጆች ናቸው። አንዱ ሌላውን «ባንዳ» አለው፤ ያኛው «አናርኪስት» ብሎ መለሰ። ወታደራዊው መንግሥት ደርግም ቃሉን ከወረቀቱ ላይ አንሥቶ መንገድ ዳር የተጣለ አስከሬን ላይ ለጠፈው።

ከዚያ ወዲህ ስሙ ብቻ ነው የሚለዋወጠው። «ጠባብ»፣ «ትምክህተኛ»፣ «ፀረ ሰላም»፣ «የቀን ጅብ»፣ «ጁንታ»። አንዱም የሰው ስም አይደለም፤ ሁሉም ጅምላ ነው። አቶ እገሌን ሌባ ብትለው ፍርድ ቤት ሊያቆምህ ይችላል። «ትምክህተኞች» ብትል ማን ተነሥቶ «እኔን ነው» ይላል? እኔን ነው ካለማ አመነ ማለት ነው!

*

በ2002 ምርጫ ዋዜማ ስድብን በሕግ ለማስቀረት ተሞከረ። ኢሕአዴግ፣ ከተቃዋሚዎችም ኢዴፓ፣ መኢአድ እና የቅንጅትን ስም የያዘው ፓርቲ የሥነ ምግባር ደንብ ፈረሙ። የተቃዋሚዎች ጥምረት የነበረው መድረክ አልፈርምም አለ። ደንቡ ግን አዋጅ ቁጥር 662 ሆኖ ወጣ። እንደ ጽሑፍ ነውር የለበትም፤ ተከባበሩ፣ አትሳደቡ፣ አታስፈራሩ ነው የሚለው። ቅስቀሳውም በእርግጥ ጸጥ አለ። ውጤቱ ሲነገር ከ547 ወንበር 545ቱ ለኢሕአዴግና ለአጋሮቹ ሆነ። በ2007 ደግሞ 547ቱም። ስድቡ ጠፋ፣ ተሰዳቢውም አብሮ ጠፋ።

ቤት ውስጥ ሕፃን ልጅ ድምፁን ሲያጠፋ እናት ተመስገን አትልም። «ምን እያበላሸ ነው?» ብላ ብድግ ትላለች።

*

«ዋስ» የሚለውን ቃል ዛሬ ከፖለቲካ ጋር ተያይዞ የምንሰማው ሰው ከታሰረ በኋላ ነው። ተጠርጣሪው የዋስ መብቱ ተከለከለ፣ ዋስትናው ተፈቅዶ ፖሊስ ይግባኝ አለ፣ የዋስትናው ብር ተከፍሎ ሰውየው አልተፈታም። የቅንጅት መሪዎች ዋስትና ተከልክለው ከጥቅምት 1998 እስከ ሐምሌ 1999 ቃሊቲ ከረሙ። ድሮ ዋስ የሚጠራው አፍ ሲከፈት ነበር፤ አሁን በር ሲዘጋ ሆነ። በመሐል የጠፋውን ነገር ሳስብ፣ ጠያቂውና ተጠያቂው ቦታ የተለዋወጡ ይመስለኛል። ባለሥልጣን ለተናገረው አይጠየቅም። ባለሥልጣንን የተናገረ ግን ይጠየቃል።

*

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ታክሲ ይነዳል። በምርጫ ሰሞን ስደውልለት ከኋላው ሬዲዮው ይሰማኛል፤ አንድ ሰው ሌላውን ያብጠለጥልና መጨረሻ ላይ «አይ አፕሩቭ ዚስ ሜሴጅ» ይላል። ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅሁት። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ሕግ ነው። ዕጩው ማስታወቂያውን ያጸደቀው እሱ መሆኑን በገዛ ድምፁ እንዲናገር ያስገድደዋል። ስድቡን በገዛ አፉ ሲያስፈርሙት ያፍር ይሆናል ብለው ነው። እኔ ደስ አለኝ። «አሜሪካኖች ዋስ ጠሩ በለኛ!» አልኩት።

ዘመዴ ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ አሁን እኮ እንደ ጤና ይስጥልኝ ነው የሚሏት። ዋናውን ስድብ ደግሞ ሌላ ሰው ነው የሚከፍልበት።»

ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ሲቲዝንስ ዩናይትድ» በተባለው ጉዳይ፣ ኩባንያዎችና ማኅበራት ከዕጩው ጋር እስካልተመካከሩ ድረስ ለቅስቀሳ ያሻቸውን ያህል ገንዘብ ማውጣት ይችላሉ ሲል ፈረደ። ከዚያ በኋላ ዕጩው ፈገግ ብሎ ሕፃን ያቅፋል፤ ጭቃውን ጥሩ ስም ያለው ማኅበር ይለውሳል። ሲጠየቅ «እኔ አላልኩም» ይላል፤ እውነቱንም ነው፣ አላለም። ሌላም አለ። ዕጩው ራሱ በከፈለበት ማስታወቂያ ዐይን ያወጣ ውሸት ቢናገር፣ የቴሌቪዥን ጣቢያው ውሸት መሆኑን እያወቀ እንኳ ቆርጦ ማውጣት አይፈቀድለትም። የኮሙኒኬሽን ሕጋቸው የዕጩን ቃል ሳንሱር አታድርጉ ይላል። መራጩ ይፍረድ ነው ነገሩ። መራጩ ደግሞ ከሥራ ደክሞት ገብቶ እራቱን እየበላ ነው።

*

የሪፐብሊካኑ የፕሬዚዳንት ዕጩ የጆን ማኬይን ነገር ሁልጊዜ ይጠቀሳል፤ እኔም አልተውም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 10 ቀን 2008፣ ሌክቪል፣ ሚኒሶታ። አንዲት ደጋፊያቸው ማይክሮፎን ተቀብላ ተፎካካሪያቸውን ኦባማን አላምነውም፣ አረብ ነው አለች። ማኬይን ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ማይክሮፎኑን ወሰዱባት፣ አይደለም፣ ጨዋ የቤተሰብ ሰው ነው፣ የማንስማማባቸው ጉዳዮች ያሉን ዜጋ ነው ብለው መለሱላት። መልሱ እንከን አለው። አረብ መሆን ከጨዋነት ጋር የሚጣላ ያስመስላል፤ በጊዜውም ተተችተውበታል።

እኔ ግን የማየው ጩኸቱን ነው። በዚያው ስብሰባ ኦባማ ፕሬዚዳንት ቢሆኑ መፍራት የለባችሁም ሲሉ የገዛ ደጋፊዎቻቸው አጉረመረሙባቸው፣ ጮኹባቸው። ባላጋራን መገሠጽ ምንም አያስከፍልም። የራስን ሰው መገሠጽ ነው ማር የሚያስከፍለው፤ እሳቸውም በአደባባይ ከፈሉ። በእኛ ሀገር መስቀል አደባባይም ሆነ ስታዲየም፣ የራሱ ደጋፊ የያዘውን መፈክር «ይህን አውርድ» ያለ መሪ አስታውሱኝ እስኪ።

*

እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 2024፣ ዶናልድ ትራምፕ በፕሬዚዳንታዊ ክርክር መድረክ ላይ የሄይቲ ስደተኞች ስፕሪንግፊልድ፣ ኦሃዮ ውስጥ የሰው ውሻና ድመት ይበላሉ አሉ። አወያዩ የከተማው አስተዳደር ማስረጃ አላገኘም ብሎ እዚያው ነገራቸው። በቀጣዮቹ ቀናት ከተማዋ ላይ ከ30 በላይ የሐሰት የቦንብ ማስፈራሪያ ዘነበ፤ ሕፃናት ከክፍል እየተነሡ ወጡ። የግዛቱ ገዥ ማይክ ዲዋይን እዚያው ስፕሪንግፊልድ የተወለዱ፣ የትራምፕም ፓርቲ ሰው ናቸው፤ ወሬው መሠረት የለውም አሉ። ወሬው ቀጠለ።

ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ኮሎምበስ ከስፕሪንግፊልድ አንድ ሰዓት አትርቅም። እዚያ ያለ ወዳጄ፣ «ሄይቲውን ከኢትዮጵያዊው ማን ይለይልሃል? ለጎረቤት ዶሮ ወጥ ማቅመሱን ለጊዜው ትተነዋል» አለኝ። እየሳቀ ነው የነገረኝ። የሳቁን ዓይነት ስላወቅሁት ዝም አልኩ።

*

ቲክቶክ ላይ ማታ ማታ ሁለት ሰዎች ማያ ገጹን ለሁለት ተካፍለው ይሰዳደባሉ። አንዱ ጀርመን፣ አንዱ አሜሪካ ሊሆን ይችላል። ርእሱ ግን ሀገር ቤት ነው። ብሔር ይነሣል፣ እናት ትነሣለች። አንዱ ጠንከር ያለ ስድብ ሲያወጣ ተመልካቹ ስጦታ ይልካል፤ ጽጌረዳ ይልካል፣ ሲብስ አንበሳ ይልካል። አንበሳው በእውነተኛ ገንዘብ ይመነዘራል።

በድሮው ሙግት በአፉ የተረታ በቅሎ ይከፍል ነበር። አሁን በአፉ የከፋ አንበሳ ይቀበላል።  በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ፣ ሐሰተኛ መረጃው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሠራጨ ቅጣቱን ያከብደዋል። አዋጅ ግን ድንበር አይሻገርም። ተሳዳቢው ፍራንክፈርት ሆኖ፣ የስድቡን ዋጋ የሚከፍለው ሀገር ቤት ያለ የዚያው ብሔር ሊስትሮ ነው።

*

እድራችን በየዓመቱ ሂሳብ ያስመረምራል። ገንዘብ ያዡ የድንኳኑን፣ የወንበሩን፣ የሬሳ ማመላለሻውን ደረሰኝ አንድ በአንድ አንብበው ያስረክባሉ። ዓምና አንድ አባል ብድግ ብሎ «በልታችኋል!» አለ። እኛም ትንሽ ፓርላማ ነን፤ ጉርምርምታ ተነሣ። የእድሩ ዳኛ ግን አልተቆጡም። «የትኛውን ደረሰኝ ነው?» አሉት። ዝም አለ። «ከመካከላችን ይህን ቃልህን የሚጋራህ ሰው አለ?» አሉ። ዞር ብሎ አየን። እኛም መሬት መሬት አየን፤ እውነቱን ለመናገር ሁለት ሦስታችን ቀደም ሲል በር ላይ አብረነው ስናማ ነበር።

ይቅርታ ጠየቀ፣ ቅጣቱንም 200 ብር ከፈለ። ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ቆርጠው ሰጡት። በዚያው ብር ለድንኳኑ አዲስ ገመድ ተገዛ። የፊታችን ዓመት ደግሞ የገመዱ ደረሰኝ ይነበባል፤ ሰውየው የፊት ወንበር ላይ ሆኖ እንደሚሰማ ከአሁኑ እየነገረን ነው።