ሰማያዊቷ ኪዩብ ነቃች!

አረንጓዴው መብራት ቦግ አለ! ባለፈው ቅዳሜ ማታ ሳን ሆዜ ካለው ቤቴ ጋራዥ ወለል ላይ ተቀምጬ አጨበጨብኩ፤ ልጄ አጠገቤ እልልታዋን አቀለጠችው። ኮባልት ኪዩብ 2 ከስንት ዓመት እንቅልፏ ነቃች!

ኪዩብን ለማያውቃት ላስተዋውቅ። በየጎኗ ስንዝር የማትሞላ ሰማያዊ ሳጥን ናት፤ የሠራት እዚሁ ማውንቴን ቪው የነበረው ኮባልት ኔትወርክስ ነው። የአንድ ቢሮ ኢሜይል፣ ድረ ገጽና ፋይል ሁሉ ሆዷ ውስጥ ነው፤ የምትሠራውም በሊኑክስ። ሞኒተርም ኪቦርድም የላትም። ያላት ከጀርባዋ ሁለት መስመር ብቻ የምታሳይ ስክሪንና ጥቂት ቁልፎች ናቸው። እንዴት እንደምታምር!

እ.ኤ.አ. በ2001 እሠራበት የነበረ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ሃርድ ዲስኳ ቀጭ ቀጭ ሲል ሰንብቶ ሞተ። አዲስ ዲስክ አስገባሁላት። ግን ሲዲ ማንበቢያ በሌላት ሳጥን ላይ ኦፕሬቲንግ ሲስተም በምን ይጫናል? መላው እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ሲዲውን የምትከተው ሌላ ተራ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ያ ኮምፒውተር ከሲዲው ተነሥቶ ለጊዜው ሰርቨር ይሆናል፤ ኪዩብ ደግሞ ሲስተሟን በኔትወርክ ኬብል ስባ ትወስዳለች። ልክ ጥጃ እናቱን እንደሚጠባ!

ኬብሉ ክሮስ መሆን ነበረበት፤ ራሴ ሠራሁት። በአንዱ ጫፍ ብርቱካናማው ጥንድ የሚገባበት በሌላው ጫፍ የአረንጓዴው ቦታ ነው። ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦ በሁለት ጣቴ አሰልፌ፣ ጫፋቸውን እኩል ቆርጬ፣ ክሪምፐሩን ጭምቅ! ከዚያ ኤስ የሚለውን ቁልፍ እንደያዝኩ ማብሪያዋን ተጫንኩ፤ በቀስቷ ቁልፍ «ከኔትወርክ ተነሥ» ወደሚለው ምርጫ ሄድኩ። ልቤ ድው ድው ሲል ትዝ ይለኛል።

ሰን ማይክሮሲስተምስ ኮባልትን በ2000 የገዛው 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በሚያወጣ አክሲዮን ነበር። በ2003 ግን ምርቱ ቆመ። ዛሬ ሥራ ቦታ አዲስ ሰርቨር ላስነሣ ብል ቡናው ሳይፈላ ያልቃል፤ ፍጥነቱን እወደዋለሁ። ግን ሰርቨሩ የት እንዳለ አላውቅም፤ መብራቱን አላይ፣ ድምፁን አልሰማ።

ቅዳሜ ዕለት ላፕቶፔ የኔትወርክ ቀዳዳ እንኳ አልነበረውም። የሲዲው የዱሮ ሊኑክስም የዘመኑን ኔትወርክ ካርድ አያውቅም። ስለዚህ እኩያዋ የሆነ አሮጌ ፒሲ ፈልጌ አመጣሁላት። ኬብሉማ ያው የ2001ዱ ኬብሌ ነው፤ አልጣልኩትም!

«አባዬ፣ ስክሪኗ የታለ?»

«ከጀርባዋ ነው የኔ እናት፣ ነይ እዪ።»

ተንበርክካ ኤስን ያዘች፤ እኔ ማብሪያውን ጫንኩ። የፒሲው ሲዲ ሽው ሲል፣ የኪዩብ ዲስክ ሲንጫጫ፣ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን ጠበቅን። መብራቱ የበራው ያኔ ነው። ስክሪኗ አይፒ አድራሻ ስትጠይቅ ልጄ ቁጥሮቹን በቀስት ቁልፍ አንድ በአንድ እየለቀመች አስገባች። ከቤቱ ራውተር ጋር ሳገናኛት፣ በዋይፋይ ላፕቶፔ ብሮውዘር ላይ የኪዩብ የመክፈቻ ገጽ ድቅን አለ!

«አባዬ፣ እንደገና ከመጀመሪያው እንጫንላት?»

ሲዲው ገና አልወጣም ነበር። ማብሪያውን አጠፋሁ፤ እሷም ኤስ ላይ ጣቷን አስቀመጠች።